የመስኮቱ ዳር ዓሦች

ዮዳሄ ጥቁሩን ካርቶን ከታንኩ በላይ በቀስታ አሳለፈችው። ዓሦቹ መሸሽ ነበረባቸው። ጥላ ከላይ ሲመጣበት ትንሽ ዓሣ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ሽው ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወለሉ ላይ ልጥፍ ይላል፣ ክንፉን እንኳን ሳያወዛውዝ ድርቅ ብሎ አደጋው እስኪያልፍ ይጠብቃል። እነዚህ ግን ወደ ላይ ወጡ። አንድም የቀረ የለም። ጥላው ሥር ተሰብስበው አፋቸውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርጉ ጀመር፤ አባታቸው ከገበያ ሲመለስ በር ላይ እንደሚራኮቱ ልጆች።

«ዋትስ ሮንግ ዊዝ ዩ ጋይዝ?» አለቻቸው። አንዱ ዘለል ብሎ እጇ ላይ ውሃ ረጨባት።

ዮዳሄን ቤተሰቧም ጓደኞቿም ዮዲ ነው የሚሏት። ሳን ሆዜ ተወልዳ እዚያው ነው ያደገችው፤ አማርኛ ሲነገር አንድም አያመልጣትም፣ ስትናገረው ግን መሀል መንገድ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ትታጠፋለች። አሁን ኦክላንድ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የምርምር ተቋም ዶክትሬቷን እየሠራች ነው። ምን እንደምትሠራ ለዘመድ ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግራታል፤ ሥራዋ ዓሣ ማስፈራት ስለሆነ። ዜብራፊሽ የሚባሉ፣ ከትንሽ ጣት የማይረዝሙ፣ ጎናቸው ላይ ሰማያዊ መስመር የተሰመረባቸው ዓሦችን በጥላ ታስፈራለች። ከዚያ ሁለት ነገር ታያለች። አንደኛው በዓይን የሚታየው ነው፤ የት ሸሹ፣ ምን ያህል ደርቀው ቆዩ፣ መቼ ተረጋጉ የሚለው። ሁለተኛው ውስጥ ያለው ነው፤ ፍርሃቱ አንጎላቸው ውስጥ የትኛውን ፕሮቲን እንዳበዛ፣ የትኛውን እንዳሳነሰ። ይህን ለማወቅ ዓሣው በመድኃኒት እስከ ወዲያኛው እንዲተኛ ይደረግና አንጎሉ ይወጣል፤ ሳን ሆዜ ወዳለ ማሽን ይላካል፣ ማሽኑም ፕሮቲኖቹን አንድ በአንድ መዝኖ ውጤቱን ይመልሳል። ዮዲ ማስተኛቱን አትወደውም። አንዱንም በከንቱ አላስተኛም ብላ ለራሷ ቃል ገብታለች።

የዓሦቹ ክፍል ሁለት መደርደሪያ አለው። አንደኛው ከግድግዳው ጋር የቆመ ነው። ሌላው ከመስኮቱ ሥር ያለ፣ ከወገብ የማያልፍ ዝቅ ያለ መደርደሪያ ሲሆን ታንኮቹ በላዩ ላይ በአንድ ረድፍ ተደርድረውበታል። ውሃው ከአንድ ቧንቧ ነው የሚመጣው፤ ምግቡ ከአንድ ቆርቆሮ ነው የሚቀዳው፤ ዓሦቹ ራሳቸው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። የግድግዳዎቹ እንደ ወጉ ይፈራሉ። የመስኮቱ ዳሮቹ ግን ይኸው ጥላ በመጣ ቁጥር ሊቀበሉት ይወጣሉ።

የምርምሩ ኃላፊ ዶክተር ሊን ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ዮዲ የቀረጸችውን ሁለት ጊዜ አየችና ጉዳዩን ቁልጭ አድርጋ አስቀመጠችው። ሙከራው የሚያስኬደው ዓሦቹ ሁሉ ሲጀመር አንድ ዓይነት ከሆኑ ነው። ገና ሳይነኩ ግማሾቹ ከተለዩ ግን ከነሱ የተገኘ ውጤት ሁሉ ዋጋ የለውም። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ፕሮጀክቱን የሚገመግመው ኮሚቴ ሳን ሆዜ ይሰበሰባል። እስከዚያ ዮዲ ምክንያቱን ካገኘች አገኘች። ካላገኘች የመስኮቱ ዳር ዓሦች በሙሉ እንዲተኙ ይደረጋል፣ ከነሱ የተሠራው ሁሉ ይሰረዛል፤ ግድግዳው ጋ የሚተርፉት ደግሞ ለአንድ ዶክትሬት አይበቁም። ፕሮጀክቱ ተዘጋ ማለት ነው። ዶክተር ሊን ይህን ስትናገር አልተቆጣችም፤ ዛሬ ከሰዓት ይነፍሳል እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው።

ዮዲ መጀመሪያ የጠረጠረችው ብርሃኑን ነው። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፈነችው። በማግስቱ ስትመጣ የጨርቁ አንድ ጥግ ተገልጦ አገኘችው። የጽዳት ሠራተኞች ይሆናሉ ብላ መልሳ ለጠፈችው፤ በማግስቱም ያው ተገልጧል። ለማንኛውም ጨርቁ ተለጥፎ በዋለበት ሰዓትም ዓሦቹ ከመውጣት አልቦዘኑም። ቀጥላ የውሃውን ሙቀት ጠረጠረች፤ ልዩነት የለውም። ከዚያ ባርት የሚባለውን የከተማውን ባቡር ጠረጠረች። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር መሬቱ እየተንቀጠቀጠ አለማምዷቸው ይሆን ብላ፣ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ይርገበገብ እንደሆነ አፍጥጣ ስታየው ዋለች። አልተርገበገበም። አንዲት የላብራቶሪ ጓደኛዋ አልፋ ስትሄድ አየቻትና ምሳ በልተሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት።

ከዚያ በኋላ ነው ማዛወር የመጣላት። ጥቂት ዓሦች ከግድግዳው አንስታ መስኮቱ ዳር አስቀመጠች። እንደመጡ ሰሞን ካርቶኑን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ወለል ላይ ይለጠፉ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ እነሱም እንደ ጎረቤቶቻቸው ሽቅብ መውጣት ጀመሩ። እንግዲያው ችግሩ ከዓሦቹ አይደለም፣ ከቦታው ነው። እዚያ መስኮት ሥር ፍርሃትን የሚያስጥል አንድ ነገር አለ። ዮዲ ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትሄድ ስለ ኮሚቴውም ስለ ዶክትሬቱም ረስታ፣ ምን ሊሆን ይችላል እያለች ከምትወርድበት ፌርማታ አልፋ ሄደች።

ቀን ቀን ከዓሦቹ ጋር የምትውለው እሷ ብትሆንም ጠዋት የሚመግቧቸው ጋሽ አክሊሉ ናቸው። ጋሽ አክሊሉ አዲስ አበባ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ዲቪ ደርሷት ቀድማ የመጣችው ልጃቸው ናት ያስመጣቻቸው። ገና ጉም ሳይገለጥ መጥተው ዓሦቹን ይመግባሉ፤ ከዚያ አላሜዳ ሄደው አረጋውያንን በቫን ክሊኒክ ያመላልሳሉ፤ ወደ ማታ ተመልሰው ማጣሪያዎቹን ያጥባሉ። ከዮዲ ጋር የሚገናኙት ያኔ ነው። እሷን አንዳንዴ ዮዲዬ፣ አንዳንዴ ዶክተሯ ይሏታል። ዓሦቹን ልጆቹ ነው የሚሏቸው።

«እኔ መቼም ገርሞኝ አያልቅም» አሏት አንድ ቀን፣ እጃቸው እስከ ክርን ውሃ ውስጥ እንዳለ። «ሰው ተምሮ ተምሮ ዓሣ ለማስፈራት?»

«ስትረስ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ነው ጋሽ አክሊሉ። ዓሣ ላይ ከገባን፣ ዩ ኖ፣ ሰው ላይም…»

«ስለ ስትረስ ከሆነ እኔን ብትጠይቂኝ በነፃ እነግርሽ ነበር። መርካቶ በገበያ ቀን አውቶቡስ ነድቻለሁ እኮ።»

ዮዲ ሳቀች። ጨዋታው ሳይቀዘቅዝ ለሁለቱም መደርደሪያ የሚሰጡት ምግብ እኩል መሆኑን ጠየቀቻቸው። ጋሽ አክሊሉ ማጣሪያውን አስቀምጠው ቀና አሉ። አንድ ማንኪያ፣ አንድ ቆርቆሮ፣ መጀመሪያ ግድግዳው፣ ቀጥሎ መስኮቱ፤ ከመጡ ጀምሮ እንዲህ ነው። አዳልተዋል እየተባሉ እንደሆነ ቀጥታ ይነገራቸው። ዮዲ ተደናግጣ ኖ ኖ ኖ፣ እንደዛ ማለቴ አይደለም አለች፣ ይቅርታም ጠየቀች። እሳቸው ግን እየሳቁባት ነበር። ከስድስት ቁጥር አውቶቡስ ወርዶ ሂሳብ አልተመለሰልኝም የሚል ሰው እንኳን እንዲህ ፊቱ አይቀላም አሏት።

ያን ዕለት ከመውጣቷ በፊት አሮጌ ስልኳን ከመደርደሪያው ሥር፣ ካሜራውን በታንኩ መስታወት በኩል ሽቅብ አድርጋ አስቀመጠችው። ሌሊቱን ቀርጾ አደረ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሳንድዊቿን በአንድ እጇ ይዛ ፊልሙን ወደፊት እየገፋች ማየት ጀመረች። ረጅም ጨለማ። ከዚያ መብራት በራ። ዓሦቹ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ከዚያ በድንገት ከላይ አንድ ትልቅ፣ ጠርዙ ክብ የሆነ ጥላ ወረደ፤ ውሃውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቆመና ተመለሰ። ዓሦቹ ትንሽ ወደ ታች ፈቀቅ አሉ። ጥላው ደግሞ ወረደ። ዓሦቹ ባሉበት ቆሙ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወርድ ሁሉም ሽቅብ ወጡ። ጥላው ተመለሰና ምግቡ እንደ ካፊያ ይዘንብ ጀመር።

ዮዲ ሳንድዊቹን አስቀመጠችው። መጀመሪያ ያሰበችው ፔሊካን ነው። ሌክ ሜሪት በሚባለው የከተማው ሐይቅ ላይ የሚያርፉት ያን የሚያህሉ ወፎች ታዩዋትና አንዱ በመስኮት ገብቶ ታንኩ ላይ ሲያጎነብስ በሐሳቧ ሣለችው። መስኮቱ የማይከፈት መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም ያ ሥዕል እስከ ማታ ከዓይኗ አልጠፋም። ማታም ለጋሽ አክሊሉ ምንም አልነገረቻቸውም፤ እሳቸው ምግቡን ሲሰጡ እዚያ ካሉ ወፉን አይተውታል ማለት ነውና፣ አይተው ዝም ካሉ ደግሞ ወፍ አይደለም።

በማግስቱ ገና ጉሙ ሳይነሳ መጣች። ኮሪደሩ ጭር ብሏል። የዓሦቹ ክፍል መብራት በርቶ ነበር፤ በበሩ መስታወት አጮለቀች። ጋሽ አክሊሉ የግድግዳዎቹን መግበው ጨርሰው ወደ መስኮቱ ዞረዋል። ቆርቆሮውን አስቀመጡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። የጥቁሩን ጨርቅ ጥግ በአንድ ጣታቸው ገለጥ አደረጉና አማትበው ጎንበስ አሉ፤ ከወገባቸው እጥፍ ብለው፣ ግንባራቸው የታንኮቹን ጠርዝ ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው። ቀና አሉ። ደግመው አማትበው ጎንበስ አሉ። ሦስተኛ ሲያደርጉ ዮዲ ከበሩ ማዶ ሆና ዓሦቹ ወደ ላይ ሲግተለተሉ አየች። ከዚያ ጋሽ አክሊሉ ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ፤ ማንኪያውን አነሱ።

ዮዲ ይህን ጎንበስ ማለት ታውቀዋለች። እናቷ ሳን ሆዜ ውስጥ መኪና ስትነዳ በቤተክርስቲያኑ ደጅ ባለፈች ቁጥር መሪው ላይ እንዲህ ነው የምትጎነብሰው። ዮዲ ልጅ ሆና፣ ቀይ መብራት ላይ ከጎናቸው የቆመ መኪና ካለ፣ እሷም አብራ ጎንበስ ትል ነበር፤ እንዳትታይ።

በሩን አልከፈተችም። ሰው ሲሳለም አይገባም፣ ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። እስኪጨርሱ ጠብቃ ነው የገባችው። ጋሽ አክሊሉ በዚያ ሰዓት ሲያይዋት ደንግጠው ማን ታመመ ብለው ጠየቋት። እሷም ወደ መስኮቱ ሄዳ በተገለጠው ጥግ አየች። ከጣሪያዎቹ ማዶ ኮረብታው ላይ ጉም መሀል አንድ ጉልላት ይታያል።

«የግሪኮች ነው አሉኝ» አሉ ጋሽ አክሊሉ፣ እንደ ማፈርም ብለው። «ይሁን፤ መስቀል አለው። እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ነው የሚታየኝ። ታይቶኝማ ዝም ብዬ አላልፍም።»

ዮዲ ስልኩን አወጣችና አሳየቻቸው። ጋሽ አክሊሉ መነጽራቸውን አድርገው የራሳቸውን ጥላ ከዓሣ ወገን ሆነው አዩት። ከፍ ሲል፣ ሲወርድ፣ ዓሦቹ ሲወጡ። እሷ በተሰባበረ አማርኛ ታስረዳለች፤ ሁልጊዜ ጥላው ይመጣል፣ ከጥላው በኋላ ምግብ ይመጣል፣ እነሱም ተማሩ። ጥላ ማለት ምግብ ነው። ስለዚህ እሷ ካርቶኗን ይዛ ልታስፈራቸው ስትመጣ ቁርስ መጣልን ብለው ነው የሚወጡት። ጋሽ አክሊሉ መጀመሪያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ግን መሀል ላይ ቆመ።

«እና ሥራሽን አበላሽቼብሻለሁ?»

ኖ ልትል ነበር። «አዎ» አለች። «ግን፣ ጋሽ አክሊሉ፣ ቆይ፣ እነሱ አሁን አይፈሩም ማለት ነው፣ ስለዚህ…»

ዓረፍተ ነገሯ እዚያ ላይ ቀረ። አይፈሩም የሚለውን ከየት አመጣችው? ስላልሸሹ ነው። ወደ ላይ ስለወጡ ነው። ይህ ሁሉ ከውጭ የታየው ነው። ውስጣቸውን አላየችም። ከመስኮቱ ዳር ዓሦች የወጡት ናሙናዎች፣ ወደ ላይ ከወጡ በኋላ የተወሰዱት፣ ፍሪዘር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የማይረባ ነገር በማሽን አናስመዝንም ብላ ዶክተር ሊን ነበር ያስቆመቻት። ዮዲ ጋሽ አክሊሉን መሀል ወለል ላይ ትታ ሮጠች፤ ከደጃፉ ተመልሳም እናመሰግናለን አለቻቸው።

ዶክተር ሊን ነገሩን አንዴ ከሰማች በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው እንድትነግራት ጠየቀች። ሰውየው ምን ያህል እንደሚጎነብስ ጠየቀች። ሦስት ጊዜ ብቻ መሆኑን ጠየቀች። በመጨረሻ ፊቷ ላይ ዮዲ አይታው የማታውቀው ነገር፣ የልጅ ፈገግታ የሚመስል፣ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ናሙናዎቹ ይላኩ አለች። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣላት፤ ሰውየው በግማሾቹ ታንኮች ላይ እንደበፊቱ ይጎንበስ፣ በቀሩት ላይ ጎንበስ ብሎ ምግቡን ያስቀር፤ ሁሉም ይቀረጽ። እሱ የማይሆን ከሆነ ግን የክፍሉ ሕግ ሕግ ነው፣ ከታንክ በላይ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም፤ ይቁም።

ማታ ዮዲ መልእክቱን ይዛ ማጣሪያ ማጠቢያው ጋ ቆመች። ታላቅን ሰው በዚህ ጎንበስ ይበሉ፣ በዚህ አይጎንበሱ ማለት በየትኛውም ቋንቋ አልመጣላትም። በመጨረሻ የዶክተር ሊንን ቃል እንዳለ በእንግሊዝኛ አፈሰሰችው። ጋሽ አክሊሉ እጃቸውን አደረቁ።

«ዮዲዬ» አሉ፣ «ስሚኝማ ልጄ። እኔ ስሳለም ዓሣ ከሥሬ መኖሩንም አላውቅም ነበር። አሁን ለዓሣው ብዬ ጎንበስ ካልኩ፣ ማነው የሚቀበለኝ? በዛ ላይ እየተለካሁ። ይኼን አታስደርጊኝ።»

«አላደርግም… አላስደርግዎትም» አለች። «ሶሪ።»

«ፎቶዬንም፣ ጥላዬንም ቢሆን፣ ለሰው እንዳታሳዪብኝ።»

ቃል ገባችላቸው። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያው ጉልላት የሚታይበት ሌላ ጠባብ መስኮት ነበር፤ ሥሩ የእሳት ማጥፊያ እንጂ ዓሣ የለበትም። ጋሽ አክሊሉ ከማግስቱ ጀምሮ መሳለሚያቸውን እዚያ አደረጉት። ጥቁሩ ጨርቅም ከዚያ ወዲህ ጥጉ አልተገለጠም።

የማሽኑ ውጤት የመጣው ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሲቃረብ ነው። ዮዲ ኮምፒውተሯ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፈተችው፤ ከጥላ የሸሹት የግድግዳ ዓሦች እዚህ፣ ጥላን የተቀበሉት የመስኮት ዓሦች እዚያ። ፍርሃት ሲመጣ ይነሳሉ የተባሉት ፕሮቲኖች በግድግዳዎቹ ውስጥ ተነስተዋል። በመስኮቶቹም ውስጥ ተነስተዋል። እኩል። ሳምፕል ተቀያይሮ እንዳይሆን ስማቸውን ደጋግማ አየች፤ አልተቀያየረም። ዓሦቹ ከነፍርሃታቸው ነው የሚወጡት። ሌላ ቡድን ግን ነበር። የግድግዳዎቹ ዓሦች ወለል ላይ በደረቁበት ጊዜ የሚወርዱ ጥቂት ፕሮቲኖች በመስኮቶቹ ውስጥ ንቅንቅ አላሉም። የሚፈራው ነገር ፈርቷል፤ የሚደርቀው ነገር አልደረቀም። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው ብላ ነበር እስከዛሬ የምትሠራው። ሐዘንም ደስታም አልነበረም የተሰማት፤ በገዛ ቤቱ ውስጥ የማያውቀው ክፍል እንዳለ የደረሰበት ሰው የሚሰማው ዓይነት ነበር።

ማታ ለጋሽ አክሊሉ ስትነግራቸው ብዙም አልተገረሙም።

«ፈርቶ መቅረብ ምኑ ነው የገረመሽ? አንቺ ቤተክርስቲያን ስትገቢ እንዴት ነው የምትገቢው?»

ዮዲ አሰበችበት። አርፍዳ፣ ጫማዋን የምታስቀምጥበት እየፈለገች፣ እናቷ እንዳታያት በጎን በኩል ነበር የምትገባው። ይህን አልነገረቻቸውም።

ሳን ሆዜ የኮሚቴው አዳራሽ ሰፊ አልነበረም፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ሰዎች፣ አንድ ስክሪን። ዶክተር ሊን ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዮዲ የመስኮቱ ዳር ዓሦች ለምን እንደተለዩ ተናገረች፤ ጠዋት የሚመግባቸው ሰው ከመመገቡ በፊት እንደ እምነቱ እንደሚጎነብስ፣ እነሱም ያን ጥላ ከምግብ ጋር እንዳያያዙት። ከዚያ የፕሮቲኖቹን ነገር አስከተለች። እነዚህ ዓሦች ከተጣሉ የሚጣለው ስህተት አይደለም አለች። ፈርቶ የሚሸሽና ፈርቶ የሚቀርብ ውስጣቸው የት ላይ እንደሚለያይ ማየት የሚቻልበት ብቸኛው መደርደሪያ እሱ ነው።

ከኮሚቴው መሀል አንድ ሽበታም ሰውዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጥላው ራሱ ምን ይመስል ነበር? ፍጥነቱስ? እጅ ያሳለፈው ጥላና የሰውነት ጥላ አንድ አይደለም፤ ፊልም ካላት ማየት ይፈልጋል።

ፊልሙ ላፕቶፗ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነው የሚፈልገው። ዶክተር ሊን ከጥግ ሆና ክፈቺው እንጂ በሚል ዓይን አየቻት። ሰውየው ጥላው እንዲታይ አልፈቀደም አለች ዮዲ። ሽበታሙ ሰውዬ ካላየሁት ልፈርድ አልችልም ሊል እንደሆነ ከከንፈሩ አየችው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም ታውቃለች፣ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ታያት።

ላፕቶፑን ገፋ አድርጋ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቆመች። ጠረጴዛው ታንኮቹ ናቸው፣ እኔ ምግቡን የያዝኩት ሰው ነኝ አለች። አማተበችና ከወገቧ ጎንበስ አለች። ጎንበስ ብላ እንኳን ፊቷ ሲግል ይታወቃታል። እናቷ ሁልጊዜ ቶሎ ቀና ትያለሽ ትላት ነበር፤ ቶሎ ቀና አላለችም። ጋሽ አክሊሉ በሚያደርጉት ልክ፣ ግንባሯ እንጨቱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆመች። ቀና አለች፣ ደገመች። በሦስተኛው ላይ ከጠረጴዛው ማዶ የነበረችው ወጣት የኮሚቴ አባል ሳታስበው ወንበሯን ወደ ኋላ እንደሳበች ሰማች። አዳራሹ ውስጥ የሳቀ አልነበረም።

ሽበታሙ ሰውዬ ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። ከዚያ እርስ በርስ ጥቂት ተነጋገሩ። መደርደሪያው አይጣልም፤ ፕሮጀክቱ ይቀጥላል፤ ጥያቄው ግን ይለወጥ፣ ከአሁን በኋላ ዋናው ሥራ የመስኮቱ ዳር ዓሦች ይሁኑ አሉ። ወንበሯን የሳበችው ወጣት ግን አንድ ነገር አልገባኝም አለች። ሰውየው አሁን መጎንበሱን ትቷል ካልሽ፣ ዓሦቹ ያለ ጥላ ነው የሚበሉት። የሚጠብቁት ነገር ሳይመጣ ምግቡ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?

ጋሽ አክሊሉ ወደ ኮሪደሩ ከሄዱ ወዲህ ጠዋት ላይ ያንን መደርደሪያ ያየ ሰው የለም። ካሜራውንም ከመደርደሪያው ሥር ያነሳችው ዮዲ ራሷ ናት።

«አላውቅም» አለች፤ ስትለው ደስ ብሏት ነበር።

እንደወጣች ከሕንፃው ፊት ለፊት ቆማ ለጋሽ አክሊሉ ደወለች። አላሜዳ ናቸው፤ አንዲት እናት ከክሊኒክ እስኪወጡ ቫኑ ውስጥ እየጠበቁ ነበር። ምን ሆነ ብለው ሳይጨርሱ ልጆቹ ተርፈዋል አለቻቸው፣ ጥላዎትንም አላሳየሁም። መረቋት። ምርቃቱ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠበቀችና ጠየቀቻቸው፤ አሁን ጠዋት ጠዋት ምግቡን ሲሰጧቸው እንዴት ናቸው?

ጋሽ አክሊሉ አሰቡ።

«ወዲያው አይበሉም» አሉ። «ምግቡ ላያቸው ላይ እየተንሳፈፈ ዝም ብለው ይቆማሉ። ይጠብቃሉ።»

«ምንድነው የሚጠብቁት?»

«እኔ ምን አውቄ። ዶክተሯ አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አሉና፣ ሴትዮዋ ከክሊኒኩ ስለወጡ ስልኩን ዘጉት።